«ፐርል» ቀለም በአማርኛ ምን ይባላል? አባቴ «ሉላዊ» ይላሉ

ሊብሬዋ ነጭ (ጠያቂ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። መኪናዬን ልሸጥ ነው። ሊብሬዋ «ነጭ» ይላል። እኔ ግን ነጭ ናት ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ጠዋት ወተት ትመስላለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ሮዝ ቢጤ ብልጭ ይልባታል። ማታ በመንገድ መብራት ስር ደግሞ ሌላ መኪና ናት። ጋራዥ ያለ ሰው ሁሉ «ፐርል» ነው የሚላት።

ማስታወቂያውን ጥርት ባለ አማርኛ ልጻፍ ብዬ ጀመርኩና «ፐርል» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አባቴ አጠገቤ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። «ሉላዊ ነጭ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እህቴ በሳቅ ፈረሰች። «ሉላዊማ ግሎባል ማለት ነው! ዓለም አቀፍ ነጭ መኪና ልትሸጥ ነው?» አባቴ ንቅንቅ አላሉም። «ሉል ዕንቁ ነው። ሉላዊ ደግሞ ዕንቁ የሚመስል» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ማን ነው ልክ? እባካችሁ አስታርቁን።

ፎቶ ይለጠፍ

«ነጭ፣ ያልተጋጨች» ብለህ ጻፍና ተገላገል። ፎቶ የለም እንዴ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

አባትህ ልክ ናቸው። እህትህም ልክ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሉል በመጀመሪያ ከባሕር የሚወጣው ያ ነጭ፣ ክብ፣ የሚያበራ ነገር ነው። ከዓረብኛው «ሉእሉእ» ጋር አንድ ቃል ነው። በሰው ስም ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ሉሊት የምትባል ልጅ ያላወቀ ማን አለ? ሉልሰገድም አለ። ከሰገሌ ጦርነት በፊት በነበሩት ቀናት ቶራ መስክ ላይ የወደቁትን ራስ ሉልሰገድን አስታውሱ።

አሁን ቃሉ የሄደበትን መንገድ ተከተሉኝ። ሉል ድፍን ክብ ነው። ስለዚህ ድፍን ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ሉል ይባል ጀመር። ክፍል ውስጥ የሚሽከረከረው የዓለም ቅርጽ ሉል ሆነ። አባትህ አስተማሪ ከነበሩ ስንት ዘመን በጣታቸው አሽከርክረውታል። ቀጥሎ ምድር ራሷ ሉል ሆነች። ከዚያ ግሎባላይዜሽን የሚባለው ነገር ሲመጣ «ሉላዊነት» ተብሎ ተተረጎመ። ቃሉ ክብነቱን ይዞ ወጣ፣ ብርሃኑን ግን ባሕር ውስጥ ትቶት መጣ።

ስለዚህ «ሉላዊ ነጭ» በትውልዱ ትክክል ነው። ገዢው ግን እንደ እህትህ ነው የሚያነበው።

ጅግጅጋ 06

እኛ ዘንድ ቃሉ ብርሃኑን አልጣለም። በሶማልኛ ሉል ማለት ይኸው የባሕሩ ዕንቁ ነው። የሴት ስምም ነው። አክስቴ ሉል ትባላለች። ግሎባል አይደለችም፣ ከጅግጅጋ ወጥታም አታውቅ 😄

ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም «ሉሉ» ይሉታል። በዚህ በኩል ያለው ባሕር ዳርቻ ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚጋራው።

የሙሐረቋ

ዓረብ አገር የኖርን ሰዎች ሉሉ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ሃይፐርማርኬቱ ነው። ወር በደረሰ ቁጥር እንሄዳለን። ስሙ «ዕንቁ» ማለት መሆኑን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ዘይትና ሩዝ ገዝቼበታለሁ።

የነገሩኝ ባሕሬን ሙሐረቅ የሠራሁበት ቤት አሮጊቷ ናቸው። አባታቸው ዕንቁ ፍለጋ ባሕር የሚወርዱ ጠላቂ ነበሩ። ሥራው በሙቀቱ ወራት፣ አራት ወር ገደማ ነው። ጠላቂው አፍንጫው ላይ መቆንጠጫ ያደርጋል። እግሩን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ አድርጎ ይወርዳል። እላይ ጀልባው ላይ ሌላ ገመድ የያዘ ሰው አለ፣ «ሰይብ» ይባላል። ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ ሰይቡ ይጎትተዋል። ሰይቡ ከተዘናጋ አበቃ። አሮጊቷ «ሰው ለሚስቱ የማይሰጠውን እምነት ለሰይብ ይሰጥ ነበር» ይሉ ነበር።

ለትልቁና ጥርት ላለው ዕንቁ ብቻ የተለየ ስም አላቸው፣ «ዳና»። እሱም የሴት ስም ነው። የልጅ ልጃቸው ዳና ነበረች። እኔ ነኝ ያሳደግኋት።

አንድ ቀን የአንገት ጌጣቸውን አውጥተው አንዱን ፍሬ ጥርሴ ላይ እንዳሸው አደረጉኝ። እውነተኛው ሻከር ይላል፣ በጣም የላመ አሸዋ እንደነካ። የውሸቱ ልስልስ ብሎ ያመልጣል። እስከ ዛሬ ሰው ዕንቁ አድርጎ ሳይ ጥርሴን ይበላኛል።

ያ ሁሉ ሥራ ግን ጠፋ። ጃፓኖች ዕንቁን እያረቡ ማምረት ያዙ። ሚኪሞቶ የሚባለው ሰው የመጀመሪያውን ያገኘው በፈረንጆቹ 1893 ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት ተጨመረበት። ባሕሬን በ1932 ዘይት ባይወጣላት ምን እንደሚውጣት እንጃ። አሮጊቷ ስለ ዘይት ምንም ደግ ቃል አልነበራቸውም።

ፎቶ ይለጠፍ

እህቴ፣ ይሄን ለብቻው ክር አድርገሽ ጻፊው። መኪናዋን ረስቼ ነው ያነበብኩት።

እንቁላል ሻጭ

እኔ የምጨምረው፣ ዕንቁ የሚለው ቃል እንቁላል ውስጥም አለ። ነጭ ነው፣ ክብ ነው፣ ያበራል። ዕንቁ + ላል። ምን ቀረው?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

ወንድሜ፣ ጨዋታው ያምራል፣ ፊደሉ ግን አይፈቅድልህም። ዕንቁ በዐይኑ «ዐ» ነው የሚጻፈው። እንቁላል በአልፋው «አ» ነው። የግእዙ እንቁላል «እንቆቅሖ» ነው፣ እሱም በአልፋው። ዛሬ ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናነባቸው ዘመዳሞች መሰሉህ። ፊደል መቀነስ አለበት የሚሉ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ይናደዱብኛል፣ ይናደዱ።

ጣትሽ ላይ

እንቁጣጣሽስ ታዲያ? «ዕንቁ ለጣትሽ» ነው ሲሉን አይደል ያደግነው? ሰለሞን ለንግሥተ ሳባ ቀለበት ሰጥቶ...

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

እሱን ተዪው እህቴ፣ ጷጉሜን ሲመጣ እንጣላበታለን። ተረት ነው፣ ግን ደስ የሚል ተረት ነው። ለዚህ ክር የሚጠቅመው ነገር ሌላ ነው። እዚያ ቀለበት ላይ ያለው «ዕንቁ» የትኛው ድንጋይ ነው? ቀይ ነው? አረንጓዴ ነው? ከባሕር የወጣ ነው? ማንም አይነግርሽም። ዕንቁ በአማርኛ ውድ ድንጋይ ሁሉ ነው። አልማዝም ዕንቁ ነው፣ ከወሎ የሚወጣው ኦፓልም ዕንቁ ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን «ዕንቁ መሰል ነጭ» ቢል ገዢው አልማዝ መሰል ሊመስለው ይችላል። ለዋጋው ጥሩ ነው፣ ለቋንቋው ግን አይሆንም።

ድጓ ጠገብ

ልጆች፣ ሉልና ዕንቁ ላይ ተከራክራችሁ ዋናውን ረሳችሁት። የባሕሩ ዕንቁ የግእዝ ስሙ ባሕርይ ነው። ከባሕር የወጣ፣ የባሕር ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛት፣ የአማርኛው መጽሐፍ «ዕንቁ» የሚላት፣ በግእዙ ባሕርይ ናት። ክብረ ነገሥትም ከአዳም ጀምሮ በትውልድ እየተላለፈች እስከ እመቤታችን ስለደረሰችው ባሕርይ ያወራል። ሊቃውንት እንዳይምታታ «ዕንቈ ባሕርይ» ይሏታል።

በጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰ ፊሳልጎስ የሚባል የአራዊትና የድንጋይ መጽሐፍ አለ። ዕንቁ እንዴት እንደምትፈጠር የሚተርከው ታሪክ ውብ ነው። ዛጎሏ ማለዳ ከባሕር ትወጣለች። አፏን ትከፍታለች። የሰማይ ጠልና የፀሐይ የጨረቃ ብርሃን ትጠጣለች። ያ ብርሃን ሆዷ ውስጥ ዕንቁ ይሆናል።

ዋናው መስመር

አባታችን፣ እርስዎ የሚሉት ባሕርይ እኮ እኛ «ጠባይ» የምንለው ነው። «ባህሪው ጥሩ ነው» የምንለው።

ድጓ ጠገብ

እሱው ነው ልጄ። አንድ ቃል ነው። ባሕርይ ዕንቁም ነው፣ የአንድ ነገር ውስጠኛ ማንነትም ነው። በነገረ መለኮት «ባሕርየ መለኮት» ስንል ሁለተኛው ነው። እንዴት ከዕንቁ ወደዚያ ተሻገረ ብለህ ብትጠይቅ፣ ዓረብኛውን አስተያይ። በእነርሱም «ጀውሀር» ዕንቁም ነው፣ የነገር ምንነትም ነው። ቅርፊቱን ስትከፍት ውስጡ የምታገኘው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ወረደና ዛሬ ሕፃን ሲያስቸግር «ባህሪው ተበላሽቷል» ይባላል።

ዋናው መስመር

ቆይ። ይሄ ማለት «ባህሪዋ ዕንቁ ነው» ስንል «ዕንቁዋ ዕንቁ ነው» እያልን ነው?

ድጓ ጠገብ

😊 እንደዚያ ነው።

ጎበዝ አንባቢ

ኦሮሞዎች ላይ በፈረንጆቹ 1593 የጻፈው አባ ባሕርይስ? ስሙ ዕንቁ ማለት ነው በሉኛ! እሱን ካነሳን ደግሞ ያ ጽሑፍ...

አወያይ

ስሙ አዎ፣ ዕንቁ ነው። ጽሑፉን ግን እዚህ አናነሳም። ስንት ክር በእሱ እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። ወደ ቀለማችን።

ስቱኮና ቀለም

እንኳን ወደ ቀለም መለሳችሁን። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። 19 ዓመት። ስለ ቃል አላውቅም፣ ስለ ፐርል ግን አውቃለሁ።

ሰው ፐርልን የነጭ ዓይነት ይመስለዋል። አይደለም። ቀይም ሰማያዊም ፐርል አለ። ፐርል አሠራር ነው። መጀመሪያ መሠረቱን ነጭ ትቀባለህ። ከላዩ ማይካ የሚባል የድንጋይ ቅርፊት፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ያለበት ቀጭን ቀለም ትነፋለህ። ከዚያ ክሊር፣ ቀለም የሌለው ማሸጊያ። ማይካው በጣም ስስ በሆነ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበሰ ነው። ብርሃን ሲመታው ግማሹ ከላይ ይመለሳል፣ ግማሹ ገብቶ ከታች ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይደምቃል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ለዚህ ነው በቆምክበት ቦታ የሚለዋወጠው።

አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ደንበኛዬ የነገረኝ ነው የገረመኝ። እውነተኛው የባሕር ዕንቁም የሚሠራው ልክ እንደዚያው ነው። ድንጋይ እንኳን አይደለም። ዛጎሉ ውስጥ ያለችው ፍጡር ተባይ ሲገባባት ወይም ስትጎዳ፣ ራሷን ለማዳን በንብርብር ትሸፍነዋለች። ንብርብሩ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እያንዳንዱ ቅጠል የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ሺሕኛ ገደማ ነው ውፍረቱ። ማለት ከብርሃን ሞገድ ጋር የሚቀራረብ። ስለዚህ ብርሃኑ ንብርብሩ ውስጥ ይጫወታል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ካገኘው ይበላዋል። ወርቅ ቤት ይሄን የሚነግር የለም።

አሁን ምክር ለጠያቂው። የመኪናህ አንድ በር እንኳ ተቀብቶ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ከመጻፍህ በፊት በጠራራ ፀሐይ ከጎን እያት። ፐርል አንድ በር ብቻ ቀብተህ አይገጥምም። አንድ ዙር ካበዛህ ይጨልማል፣ ካሳነስክ ይነጣል። ጎንና ጎን ያሉት አካላት ላይ እያሳሳህ መንፋት አለብህ። ያን የማያደርግ ጋራዥ ብዙ ነው።

ሊብሬዋ ነጭ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ልቤን አነበቡት። የኋላ ግራ በር አምና ተቀብቷል። አሁን ወጥቼ አየሁት። ከጎን ሲያዩት እርጎ አጠገብ የተቀመጠ ወተት ነው። የቀባልኝ ጋራዥ «ፋብሪካ አስመስዬልሃለሁ» ብሎኝ ነበር።

ስቱኮና ቀለም

አይዞህ። አምጣት፣ እናያታለን።

ስደተኛው ሉካንዳ

አምስተርዳም ሥጋ ቤት ነው የምሠራው። እናንተ ሉልና ባሕርይ ስትሉ እኔ «ፐርል» ራሱ ከየት መጣ ብዬ ፈለግሁ። ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች የሚሄዱበት መንገድ በላቲን «ፔርና» ወደሚል ቃል ነው። ፔርና የእግር ሥጋ ነው፣ በተለይ የአሳማ ጭን። ሮማውያን አንድ የባሕር ዛጎል ቅርጹ የአሳማ ጭን መሰላቸውና በዚያው ስም ጠሩት። ከዛጎሉ ስም ተነሥቶ ውስጡ ያለው ነገር ስም ሆነ።

ማለትም ፈረንጅ «ፐርል» ሲል ጭን እያለ ነው። ወንጌሉ ዕንቁን በእሪያ ፊት አትጣሉ ይላል፣ እነርሱ ግን ዕንቁውን ራሱን በእሪያ ጠሩት።

የሙሐረቋ

ከዛሬ ጀምሮ ፐርል አልልም።

ጣትሽ ላይ

እኔም ልጨምር፣ እኔ ዳቦ ቤት ነኝ። ማርጋሪንም ከዕንቁ የመጣ ስም ነው! የግሪኩ ዕንቁ «ማርጋሪቴስ» ነው። ማርጋሬት የሚባል ስም ሁሉ ከእሱ ነው። በፈረንጆቹ 1813 ሼቭሩል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ከስብ ውስጥ አንድ አሲድ አወጣ። ነጭ ሆኖ ዕንቁ ዕንቁ ሲያበራ አየና «ማርጋሪክ» አለው። በ1869 ሌላው ፈረንሳዊ ሜዥ ሙሪዬስ ርካሽ የቅቤ ምትክ ሲሠራ ስሙን ከዚያው ወሰደ። ሦስተኛው ናፖሊዮን ነበር ሽልማት ያቀረበው።

ስለዚህ ዕንቁ የሚመስል ማለት ትክክለኛው ትርጉሙ የዳቦ ቅቤ ነው። ሼቭሩል በነገራችን ላይ 102 ዓመት ኖሯል።

ፎቶ ይለጠፍ

«የዳቦ ቅቤ ነጭ ቶዮታ፣ ያልተጋጨች።» እኔ እገዛለሁ።

ዋናው መስመር

እሺ ቀልዱን እንተወውና። ብር የሚመስለውን ቀለም «ብርማ» እንላለን፣ ወርቅ የሚመስለውን «ወርቅማ»። ታዲያ ሉል የሚመስለው ለምን «ሉልማ» አይሆንም? ሉላዊን ለዓለም ሰዎች እንተውላቸው። ሉልማ ማንም አልያዘውም።

እንቁላል ሻጭ

ዕንቁማስ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ

ሉልማ ወደድኩት። ዕንቁማ ግን አይሆንም፣ ምክንያት አለኝ። «ማ» ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መብዛት ነው። ድንጋያማ ድንጋይ የበዛበት ነው፣ ተራራማ ተራራ የበዛበት። ድንጋይ የሚመስል ማለት አይደለም። ሁለተኛው መምሰል ነው፣ እሱም በብርና በወርቅ ላይ ይታያል። ዕንቁ ድንጋይ ስለሆነ ዕንቁማ ስትል ጆሮ ወደ ድንጋያማ ይሄዳል፣ ዕንቁ የተሰካበት ይመስላል። ሉልማ ግን ከብርማ ጋር ዜማው ይገጥማል።

ጅግጅጋ 06

አክስቴ ትስማማለች።

ድጓ ጠገብ

አዲስ ቃል ሲወለድ ዝም ብዬ አላይም። ሉልማ ይሁን፣ ተባርኳል። ግን «ሉል» ዕንቁ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ሉልማም ክብ ማለት ይመስላል። ክብ መኪና!

ሊብሬዋ ነጭ (ጠያቂ)

ዛሬ ማስታወቂያውን ለጠፍኩት። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ «ቀለም፦ ሉልማ ነጭ (ጋራዥ ፐርል የሚለው)። የኋላ ግራ በር አንዴ ተቀብቷል፣ ከጎን ሲያዩት ይለያል።» አባቴ አንብበው «ማ» ላይ ትንሽ ተነጫነጩ። «እኔ ሉላዊ ነው ያልኩት» አሉ። እህቴ ዝም አለች፣ ይህ ብዙ ጊዜ አይከሰትም።

እስካሁን አራት ሰው ደውሏል። ሦስቱ ስለ በሩ ጠየቁ። አንዱ ግን «ሉልማ የሚለው ያው ፐርሉ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከየት አወቅህ ብለው፣ እናቱ ሉሊት ትባላለች።

ስቱኮና ቀለም

መልካም። አሁን ደግሞ አንድ ግራጫ መኪና አስገብተውልኛል። «ሜታሊክ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?